ፐርል ሃርበርን «ማንም ሊገምተው አይችልም ነበር»?

ባሕረኛው፦ አንድ ተንታኝ ትናንት በሬዲዮ ጃፓን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1941 በሃዋይ ያለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ስለመደብደቧ ሲናገር «የአየር ጥቃቱን ማንም ሊገምተው አይችልም ነበር» አለ። እንዴት እንዲህ ይባላል? በዚያው የነበሩት የአየር አዛዦች ጄኔራል ማርቲንና አድሚራል ቤሊንጀር እ.ኤ.አ. በማርች 1941 የደሴቲቱ ዋና አደጋ ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሚነሣ የአየር ጥቃት መሆኑን ጽፈዋል። ጎሕ ሲቀድ ሊመጣ እንደሚችል ጭምር!

ፊደላዊት፦ ሰነዱን ጨርሰህ አንብበው ወንድሜ። ቅኝት ቢኖርም ጥቃቱ ፍጹም ድንገተኛ ሊሆን ይችላል ይላል። ዙሪያውን በየቀኑ የሚቃኝ በቂ አውሮፕላን የፓስፊክ መርከቦች አዛዥ አድሚራል ኪመል ከየት ያምጣ?

ባሕረኛው፦ የአውሮፕላን ማነስ ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውየው ያለው «ማንም» ነው።

የታሪክ ተማሪ፦ የውኃውን ጥልቀት ለምን ትዘሉታላችሁ? ወደቡ 12 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአውሮፕላን የሚጣለው ቶርፒዶ (በውኃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ጭቃ ውስጥ ይቀራል ተብሎ መከላከያ መረብ ሳይዘረጋ ቀረ። ጃፓኖች ግን ጅራቱ ላይ የእንጨት ክንፍ ገጥመው ችግሩን ፈቱት።

ባሕረኛው፦ የጣሊያኑ ወደብ ታራንቶስ? በኖቬምበር 1940 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሦስት የጣሊያን ታላላቅ የጦር መርከቦችን ወደብ ውስጥ መትተዋል። ዋሽንግተንም በጁን 1941 የውኃ ጥልቀት ማነስ ዋስትና እንደማይሆን ጽፋለች።

የምጽዋ ልጅ፦ ታራንቶ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? በኤፕሪል 1941 ከምጽዋ የወጡትን የጣሊያን መርከቦች ያሰጠሟቸው ያው ዓይነት አውሮፕላኖች ናቸው።

የታሪክ ተማሪ፦ እነሱ የተመቱት ክፍት ባሕር ላይ ነው። ስለ ወደብ እያወራን!

የምጽዋ ልጅ፦ መነሻቸው ወደብ አልነበረም?

ፊደላዊት፦ ወደ ዋሽንግተን እንመለስ። የኖቬምበር 27ቱ የጦርነት ማስጠንቀቂያ ፊሊፒንስን፣ ታይላንድንና ቦርኒዮን ሲጠራ ሃዋይን አያነሣም። የሃዋይ ምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ሾርት አሻጥርን ለመከላከል ብቻ መዘጋጀቱን ሲያሳውቅም ያረመው የለም።

ባሕረኛው፦ አሻጥርን ለመከላከል ብሎ አውሮፕላኖቹን ክንፍ ለክንፍ ደረደራቸው! ራዳሩ የጃፓን አውሮፕላኖችን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ አይቷቸዋል፤ የተረኛው መኮንን ግን ከካሊፎርኒያ የሚጠበቁት የራሳችን ናቸው ብሎ ዝም አሰኘ። ቦምቡ 1 ሰዓት ከ55 ላይ ወረደ። 2,403 ሰው አለቀ።

ፊደላዊት፦ ታዲያ ይህ ሁሉ በኪመል ጫንቃ ላይ ነው? የአሜሪካ ሴኔት በ1999 ኪመልና ሾርት ሥራቸውን በብቃት ተወጥተዋል ብሏል።

ባሕረኛው፦ በ52 ለ47 እህቴ! ያ ፍርድ አይደለም፤ የድምፅ ብልጫ ነው።

ፊደላዊት፦ መረጃው ዋሽንግተን ተቀምጦ አዛዡን መክሰስ ይበልጥ ፍርድ ነው?