ዓባይ በረሃ፦ ይጠገን ወይስ ሌላ መንገድ ይፈለግ?

ጎጃሜው፦ ከጎሃ ጽዮን ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስንት ጊዜ ይጠገናል? ይነጠፋል፣ ክረምት ይገባል፣ ይሰምጣል። የጃፓን እርዳታም ፈሶበታል። እኔ በቃ ባይ ነኝ። ብሩ ለአማራጭ መንገድ ይዋል።

ባለተሳቢው፦ የቱ አማራጭ? በነቀምት ዞሬ ቡሬ ልውጣ? ናፍጣውን አንተ ትከፍላለህ?

ጎጃሜው፦ በዓለም ከተማ፣ በመካነ ሰላም አድርጎ ወደ ግንደ ወይን የሚሻገረውስ?

ባለተሳቢው፦ አይ ወንድሜ! መጀመሪያ የጀማን ወንዝ ሸለቆ ትወርዳለህ። ከዚያ የወንጪት ወንዝ አለልህ። ዓባይ ገና ነው። አንድ ገደል ሸሽተህ ሦስት ገደል! ዓባይ ጎጃምን ዙሪያውን ከቦታል፤ ከአዲስ አበባ ተነስተህ ሳትሻገረው አትገባም።

የአፈር ሰው፦ አስፋልቱን ተዉት፣ ችግሩ ከሥሩ ነው። ሸለቆው ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ላይ ባዛልት አለ፣ ከታች የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰም፣ የአሸዋ ድንጋይ። መንገዱ ግን ብዙ ቦታ ያረፈው ከላይ ተንዶ በተከመረ ልቅ አፈርና ቋጥኝ ላይ ነው። ዝናብ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይንሸራተታል፣ መንገዱም አብሮት ይሄዳል። በደጀን በኩል ኩራር አካባቢ የተጓዘ ያውቀዋል። 303 ሜትሩን የሕዳሴ ድልድይ እዩት፤ ከተመረቀ ጀምሮ ዛሬም ዓባይን ያሻግራል። የሚያስቸግረው ወደ እሱ የሚወርደው ዳገት ነው። መጀመሪያ ውኃው ይውጣ። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀልብ ቦይ፣ ከመሬት ውስጥ የሚያፈስ ቱቦ ያስፈልጋል። ቦይ ሪባን ስለማይቆረጥለት ነው መሰለኝ ማንም አያወራለትም።

ጎጃሜው፦ የጫኝስ ጥፋት የለበትም?

የአፈር ሰው፦ እንዴታ! በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን አስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት 16 እጥፍ ገደማ ነው።

ባለተሳቢው፦ ነጋዴው ጫን ይለኛል፣ እንቢ ካልኩ ሌላ ሹፌር ይጠራል። ጭነቱ መነሻው ላይ ይመዘን፣ ባለጭነቱም ይቀጣ። እኔ ብቻዬን አልቀጣም።

የደጀኗ፦ ስለ ሰውም አውሩ እንጂ። አንድ ከባድ መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት መንገዱ ላይ ከተጋደመ፣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር የተባለ ሕመምተኛ አምቡላንስ ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ከባድ መኪና ቀን ቀን አይውረድ።

ባለተሳቢው፦ እታለም፣ ሌሊት ውረድ ነው የምትይኝ? በዚህ ጸጥታ? ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ ብዬ ካልወረድኩት ፍሬኑ ይግላል። ቀን እንኳ ልብ ያስፈልገዋል።

የደጀኗ፦ እሺ፣ ሌሊቱን ተወው። በጎሃ ጽዮን በኩል ፍልቅልቅ ላይ አንድ፣ ኩራር ላይ አንድ ጎታች ክሬን ይቁም። ይኼ አማራጭ መንገድ እስኪሠራ አያስጠብቅም።

ጎጃሜው፦ ክሬኑ ይምጣ፣ አልጠላም። ቦዩም ይቆፈር። ግን መጪው ክረምት መንገዱን ከነቦዩ ይዞት ከወረደ፣ ያኔስ ምን ልትሉኝ ነው?

የአፈር ሰው፦ ያኔ ቦዩ የት ላይ እንደተቆፈረ እጠይቅሃለሁ።