ለኖራ መጠን የፒኤች ውጤት ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአዊ ዞን በአንድ ቀበሌ የምሠራ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ገብስ እየቀጨጨ ካስቸገራቸው ሁለት አርሶ አደሮች ማሳ አፈር ወስጄ ለላቦራቶሪ ልኬ ነበር። የሁለቱም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 4.9 ሲሆን፣ ተለዋጭ አሲድነታቸው (በአፈሩ ቅንጣቶች ላይ የተጣበቀው አሲድና አሉሚኒየም) ግን በኪሎ ግራም አፈር የአንደኛው 2 ሴንቲሞል፣ የሌላው 0.9 ሆኖ መጣ። አሲዱን ለመቀነስ ለሁለቱም እኩል ኖራ እንዲጠቀሙ ልምከር? ደግሞስ ቅጹ ላይ «የአፈር ጥግግት» የሚለው ቦታ ባዶ የቀረው ለምን ይሆን?

መልስ 1፦
እኩል መሆን የለበትም። ፒኤች የሚያሳየው በአፈሩ ውኃ ውስጥ ያለውን አሲድ ብቻ ነው፤ ሥር የሚያቀጭጨው አሉሚኒየም ግን አብዛኛው በሸክላውና በብስባሹ ላይ ተጣብቆ ስለሚገኝ፣ ኖራው በብዛት የሚያልቀው እሱን በማርከስ ነው። ስለዚህ ኖራ ያስፈልግ እንደሆነ ፒኤች ይጠቁማል፤ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚነግረን ተለዋጭ አሲድነቱ ነው።

ጥግግቱን፣ ማለትም በአንድ ይዘት ውስጥ ያለውን የደረቅ አፈር ክብደት፣ ከማሳው ላይ መለካት የነበረብዎ እርስዎ ነዎት፤ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው አፈር ተቆፍሮ የፈረሰ በመሆኑ ከእሱ ሊታወቅ አይችልም። ይዘቱ የታወቀ የብረት ቀለበት አፈሩ ሳይፈርስ በቀስታ ይመታና ይገባል፤ ዙሪያው ተቆፍሮ ይወጣል፤ ሁለቱ አፉ በቢላዋ ይስተካከላል፤ አፈሩም በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት ደርቆ ይመዘንና ክብደቱ ለቀለበቱ ይዘት ይካፈላል።

ጥግግቱ 1.2 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው እንበል። ኖራው እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ የሚደባለቅ ከሆነ በአንድ ሄክታር 1,800 ቶን አፈር አለ። በአንድ ኪሎ አፈር ያለን 1 ሴንቲሞል አሲድ ለማርከስ ግማሽ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሚፈልግ፣ የመጀመሪያው ማሳ በሄክታር 18 ኩንታል ይደርሰዋል፤ በተለመደው የማስተካከያ ቁጥር በ1.5 ሲባዛ 27 ኩንታል ይሆናል። ሁለተኛው ወደ 12 ኩንታል ይበቃዋል። ጥግግቱ 1.0 ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ወደ 22.5 ይወርድ ነበር፤ በአህያ ለሚያመላልስ ሰው አራት ኩንታል ተኩል ቀላል ሸክም አይደለም።

መልስ 2፦
ስሌቱን እቀበላለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ናሙናው ነው። ከ10 እስከ 15 ከሚሆኑ ቦታዎች በዚግዛግ፣ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተወስዶ ካልተደባለቀ፣ ውጤቱ የማሳው ሳይሆን የአንዲት ጉድጓድ ነው። አመድ የተደፋበት ወይም ከብት ያደረበት ቦታ ይዘለል። እኔ በጀማሪነቴ ማዳበሪያ በነበረበት ጆንያ አፈር ልኬ፣ የመጣልኝን የፎስፈረስ ቁጥር አምኜ አርሶ አደሩን አሳስቻለሁ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የተባለው ቀለበት በእጄ የለም፤ የብረት ቧንቧ ቁራጭ ይሆናል?

መልስ 1፦
ይሆናል። አንዱን አፉን ከውጭ በኩል ያስሞርዱት፤ የውስጡን ስፋትና ቁመቱን በትክክል ለክተው ይዘቱን ያስሉ። በአንድ ማሳ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይለኩ፤ ማሳው በታረሰ ማግስት ግን አይሞክሩት፤ አፈሩ ገና ስላልረጋ ጥግግቱ ዝቅ ብሎ ይታይና ከሚገባው ያነሰ ኖራ ያስመክርዎታል።