«ጎ ሀንግሪ» ስንል ማን ነው የሚሄደው?

ነጠላ ሰረዝ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸንክሬ ቀረሁ። የምተረጉመው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ሜኒ ቺልድረን ጎ ሀንግሪ» ይላል። እኔ «ብዙ ልጆች ተርበው ይሄዳሉ» ብዬ ጻፍኩ። አራሚው በቀይ አስምሮበት «የት ነው የሚሄዱት?» ብሎ መለሰልኝ። ሳቄም መጣ፣ አፈርኩም። ግን እውነት የት ነው የሚሄዱት? ዛሬ ማታ ማስረከብ አለብኝ፣ ድረሱልኝ።

አራት ነጥብ፦ ቀላል ነው። «ጎ»ን ቅጽል ከተከተለው መሄዱ ይቀርና መሆን ይሆናል። «ጎ ባድ» ተበላሸ። «ጎ ባልድ» ተመለጠ። «ጎ ብላይንድ» ዓይኑ ጠፋ። «ጎ ማድ» አበደ። ያንቺም «ይራባሉ» ነው። ተዘጋ።

ነጠላ ሰረዝ፦ አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን «ይራባሉ» ካልኩ ምሳ ሰዓት ሲደርስ እንደሚርበን ዓይነት አይመስልም? ጽሑፉ የሚያወራው የሚበሉት ስለሌላቸው ልጆች ነው።

ዳር ተመልካች፦ «ጎ ሀንግሪ» ከነ«ጎ ባድ» ወገን አይደለም። ከነ«ጎ አንኖቲስድ» ወገን ነው። እሱ «ሳይታይ አለፈ» ነው። «ጎ አንፐኒሽድ»ም «ሳይቀጣ ቀረ» ነው። ወደ ረሃብ መግባቱን ሳይሆን ሳይበሉ መዋል ማደሩን ነው የሚናገረው።

ሳድስ፦ ቆይ ቆይ። አራት ነጥብ የዘረዘርከውን አየኸው? ሁሉም መዓት ነው። መበላሸት፣ መመለጥ፣ መታወር፣ ማበድ። ሕልም ሲሳካ ግን «ካም ትሩ» ይባላል። ፈረንጅ ክፉውን እያሰናበተ ደጉን ይቀበላል ማለት ነው?

አራት ነጥብ፦ ቀልድ አይደለም፣ ተጽፎበታል። ኢቭ ክላርክ የምትባል የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚሁ ጽፋለች። የተለመደው፣ ጤናማው ሁኔታ እንደ ቤት ይታያል። ከዚያ የወጣ «ጎ» ይባላል፣ ወደዚያ የተመለሰ «ካም» ይባላል። ትኩሳት ሲጨምር «ወንት አፕ»፣ ሲበርድ «ኬም ዳውን» ነው።

ሳድስ፦ በኛስ መብራት ሲጠፋ «ሄደ»፣ ሲበራ «መጣ» አይደል የምንለው? ኧረ እኛም ተጽፎልናል!

ቀለም ቀንድ፦ እኔ የምለው ሌላ ነው። «ካም» የሚለው ቃል ራሱ ከግዕዙ «ኮነ» የወጣ ነው። ድምፁን ስሙት። ካም፣ ኮነ። «ውእቱ ቃል ሥጋ ኮነ» ሲል «ሆነ» ማለቱ ነው። እንግሊዝኛውም «ቢካም» ብሎ መሆንን ይናገራል። አጋጣሚ ነው እንዳትሉኝ።

አራት ነጥብ፦ አጋጣሚ ነው። የእንግሊዝኛው በጥንቱ ቋንቋቸው «ኩማን» ነበር፣ ትርጉሙም መምጣት ነው። «ቢካም»ም ያኔ «ደረሰ»፣ «አጋጠመ» ነበር። መሆን ላይ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ከ«ኮነ» የወጣውን ከፈለግህ የኛው «ሆነ» አለልህ። ከ«ክ» ወደ «ህ» ሄደ።

ሳድስ፦ ይኸው «ሄደ»! አንተም አመለጠህ።

የኔታ ግሰኛው፦ ልጆቼ፣ ሥር ሳትቆፍሩ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠለጠላችሁ። በግዕዝ የሄደ ሰው «ሖረ» ነው። «ሑሩ ወመሀሩ» የተባለውን አስታውሱ። ሐዋርያ ማለትም ሂያጅ ማለት ነው። «ሄደ» ግን በግዕዝ ቀማ፣ ነጠቀ ማለት ነው። ቀማኛውም «ሀያዲ» ይባላል። አማርኛ ቃሉን ይዞ ትርጉሙን ለቀቀው።

ሳድስ፦ የኔታ፣ እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ሁሉም በራልኝ። «ጎ ባልድ» ማለት ጸጉሩን ተቀማ ማለት ነው። «ጎ ብላይንድ» ዓይኑን ተነጠቀ። መብራት ሄደ ማለትም…

የኔታ ግሰኛው፦ አትቀልድ። እኔ ያልኩት የግዕዙን ነው። የእንግሊዝ ግስ ከኛ ቤት አልወጣም።

ነጠላ ሰረዝ፦ ይቅርታ፣ የኔ ልጆች አሁንም እንደተራቡ ናቸው።

ቀለም ቀንድ፦ እንደርስልሻለን እህቴ። ለመሆኑ «እየባሰ ሄደ» እና «እየባሰ መጣ» አንድ ናቸው?

አራት ነጥብ፦ አንድ ናቸው።

ቀለም ቀንድ፦ አይደሉም። «እየባሰ መጣ» ካልኩ ነገሩ እኔ ያለሁበት ደርሷል፣ አሁን ይነካኛል። «እየባሰ ሄደ» ካልኩ ቆሜ እያየሁት ነው። ታሪክ የሚተርክ ሰው «ሄደ»ን ይወዳል፣ ችግሩ ውስጥ ያለው «መጣ» ይላል።

አራት ነጥብ፦ ይሄ ያንተ ጆሮ ነው። ሰው ሁለቱንም እያለዋወጠ ይናገራል።

ቀለም ቀንድ፦ እስቲ ይህን ለዋውጥልኝ። «ነገሩ ትዝ እያለኝ መጣ።» ደግ። «ነገሩ ትዝ እያለኝ ሄደ።» ይህን የሚል ሰው አለ? «ድምፁ እየራቀ ሄደ» ደግ ነው። «ድምፁ እየራቀ መጣ» በለኝና ልስማህ።

ሳድስ፦ ጠያቂያችን ራሷ ገና ስትጀምር «ሳቄ መጣ» ነበር ያለችው። «ሳቄ ሄደ» ብትል ኖሮ አራሚው ቀይ እስክሪብቶ ሳይሆን አምቡላንስ ነበር የሚልክላት።

አራት ነጥብ፦ «ትዝ አለኝ»ንስ እሺ። ወደ ራስ የሚገባ ነገር ነው፣ ይመጣል። ግን ያ ደግነትን አያሳይም። መዘዝም ይመጣል፣ ጣጣም ይመጣል። የኛ «መጣ» ቦታውን ነው የሚያየው፣ የእንግሊዝኛው ግን ይፈርዳል። ደግሞ እዚያም ቢሆን ፍርዱ የጸና አይደለም። እስረኛ ሲለቀቅ «ጎ ፍሪ» ነው፣ ምን ክፋት አለው? የታሰረ ገመድ ሲላላ ደግሞ «ካም ሉዝ» ይላሉ፣ ምን ደግነት አለው?

ቀለም ቀንድ፦ ስለዚህ አንድ አይደሉም።

አራት ነጥብ፦ እኔ ያልኩት «እየባሰ» ላይ አንድ ናቸው ነው!

(ከዚህ በኋላ ሁለቱ አሥራ አንድ መልእክት ተለዋወጡ። «ጆሮህን አስመርምር» የሚል አለበት። አጠፋሁት። — የቡድኑ አስተባባሪ)

ዳር ተመልካች፦ አንድ ነገር ልጨምር። ችግሩ የሚመጣው የኛ ግስ ብቻውን ስለሚበቃ ነው። ቀላ፣ ጠቆረ፣ ሸበተ፣ ከፋ፣ መረረ። ለውጡ እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ ላይ ቅጽሉ የሚሸከመው ግስ ይፈልጋል፣ ተሸካሚው ደግሞ እንደ ሸክሙ ይለያያል። ቀላ ለማለት «ተርን ሬድ» ወይም «ጎ ሬድ» ይሆናል። 40 ዓመት ሲሞላው ግን «ተርን ፎርቲ» ብቻ ነው፣ «ጎ ፎርቲ» የለም። አረጀ «ግሮው ኦልድ»፣ ወንዙ ደረቀ «ራን ድራይ»፣ ተናደደ «ጌት አንግሪ»። ተሸካሚውን ብቻውን አውጥቶ የተረጎመ ሁሉ ወንዙን ያስሮጣል፣ ልጆቹን ያስኬዳል።

ሳድስ፦ «ፎል አስሊፕ»ንስ ረሳኸው? እነሱ ወደ እንቅልፍ ይወድቃሉ፣ እኛን እንቅልፍ ይወስደናል። ማን ነው እዚህ ሰነፉ?

የኔታ ግሰኛው፦ «በፍቅር ወደቀ» የሚሉትም ከዚያው የመጣ ነው። ባነበብኩት ቁጥር ጉልበቴን ያመኛል።

ቀለም ቀንድ፦ ወደ «ወንት» እንመለስ። «ጎ» ሲያልፍ ለምን «ወንት» ይሆናል? መልኩ አይገናኝም።

አራት ነጥብ፦ ከሌላ ግስ የተዋሰው ስለሆነ ነው። «ዌንድ» የሚባል፣ መዞርን የሚናገር ግስ ነበረ። ኃላፊ ጊዜውን ለ«ጎ» ሰጥቶ ቀረ። እኛም ያው ነን። «መጣ» ብለን ስናዝዝ «ምጣ» አንልም፣ «ና» እንላለን። «ነይ»፣ «ኑ»።

የኔታ ግሰኛው፦ ይህቺ ደግ ናት። በግዕዝም «ነዓ»፣ «ንዒ»፣ «ንዑ» ነው። «ንዑ ኀቤየ ኵልክሙ» ሲል ሰምታችኋል። «መጣ» ራሱ «መጽአ» ነበር፣ «ጸ» በ«ጠ» ተተካና እንዲህ ሆነ። «ጸባብ» ጠባብ እንደሆነው ማለት ነው።

ነጠላ ሰረዝ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሰዓቴ ደረሰ። ዳር ተመልካች «ሳይበሉ መዋል ማደር» ያልከውን ይዤ «ብዙ ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ» ብዬ ላክሁት። አራሚውም ዝም ብሏል።

የኔታ ግሰኛው፦ ልጄ፣ በ«ጸ» ነው የሚጻፈው። ጾም ነው።

አራት ነጥብ፦ የኔታ፣ አይቆጡኝና፣ እዚህ ቦታ በ«ጠ» ነው። ወዶ ያልበላ ጾመ። አጥቶ ያልበላ ጦሙን አደረ።

ቀለም ቀንድ፦ አሁን ገና «መጽአ» መጣ ሆነ አልተባለም እንዴ? ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው!

አራት ነጥብ፦ አንድ አይደሉም።

ሳድስ፦ ይኼ ነገር እየባሰ… ተውኩት።