ከጎንደር የሚሰደደው ወዴት ወዴት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጎንደሬዎች፣ ታናሽ እህቴ ስለ ስደት የጂኦግራፊ አሳይመንት ተሰጥቷት እኔም ከዓረብ ሀገር ውጪ ምንም አልመጣልኝም፣ ከኛ አካባቢ ምን ትጻፍ?

መልስ፦ ወንድሜ የሱዳን ድንበሯን መተማን ትጻፍ እንጂ! ሰሊጥ ሊደርስ ሲል ከደጋው ስንቱ ነው በሶውን ቋጥሮ ማጭዱን ይዞ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው፣ ሰሊጥ ቀኑ ካለፈበት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል ስለዚህ ባለእርሻው በአንዴ ብዙ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰሊጥ ቻይናና እስራኤል ድረስ ይሸጣል፣ ግሎባላይዜሽን ይሄው አይደል? የወባው ነገር ግን ያንገበግበኛል፣ ደጋ ያደገ ልጅ አይችለውም።

መልስ፦ ቤተ እስራኤሎችም አይረሱ። በ1977 ዓ.ም. ስንቱ ከጎንደር ገጠር በእግሩ ሱዳን ገብቶ ነው ከዛ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰደው፣ መንገድ ላይና ካምፕ ውስጥ ያለቀው ብዙ ነው። ግንቦት 1983 ደግሞ ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ከ14 ሺህ በላይ ሰው ሄደ።

መልስ፦ መምጣትም አለኮ! ሚያዝያ 2015 ሱዳን ጦርነት ሲነሳ ሰው በዛው በመተማ በኩል ነው ወደኛ የገባው፣ ሱዳናዊውም እዛ ይሠራ የነበረው ሀበሻም። እህትህ ይቺን መንገድ ብቻ በደንብ ብትጽፍ ይበቃታል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ፣ ዛሬውኑ አሳያታለሁ።