ሻሼ ኩላሊቷ ደክሟል፤ ላሳክማት ወይስ ትረፍ?

የሻሼ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐሳቤን መሰብሰብ አቅቶኛል፤ ጽሑፌ ቢዘበራረቅ ይቅርታ።

ድመቴ ሻሼ 14 ዓመቷ ነው። ጥቁር ናት፤ ጭንቅላቷ ላይ ብቻ ነጭ ጣል ብሎባታል፤ ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ሰው አትወድም። እንግዳ ሲመጣ ቁምሳጥን ላይ ትወጣና ቁጭ ብላ ትገላምጣለች። እኔ ደረት ላይ ካልሆነ ግን ማታ አትተኛም።

ከጊዜ ወዲህ ውሃ ማብዛት ጀመረች። ሽንቷም በዛ። ከዚያ መክሳት መጣ። 4.5 ኪሎ የነበረችው አሁን 3.1 ናት። ጀርባዋን ስዳብሳት አጥንቷ ይቆረቁረኛል። ሰሞኑን ማስመለስ ጨመረች። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ምግቧን አሽትታ ፊቷን ታዞራለች።

ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ክሪያቲኒን (ኩላሊት ከደም ማጣራት ያለበት ቆሻሻ) 6.2፣ ፎስፈረስም ከፍ ብሏል። «የኩላሊት ድካም ነው፣ ደረጃ አራት» አለኝ። ከዚያ ሦስት መንገድ ነገረኝ። ክሊኒክ አስተኝቶ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፤ ቤት ወስጄ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ እየሰጠሁ ማቆየት፤ ወይም በመርፌ እንድታርፍ ማድረግ። «ምርጫው ያንቺ ነው» ብሎኝ ዝም። እኔ ምን አውቄ ነው የምመርጠው?

ቤታችንም አንድ ሐሳብ የለውም። ባለቤቴ «አታሰቃዪያት፣ ዕድሜዋን ኖራለች» ይላል። ልጄ ይህን ሲሰማ ክፍሉን ዘግቶ ያለቅሳል። እናቴ ደግሞ በስልክ «ለድመት ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብላኝ ዘጋችብኝ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ክሊኒክ መፍራቷ ነው። መያዣ ሳጥኗ ውስጥ ስትገባ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። የቀራት ጊዜ ትንሽ ከሆነ፣ በምትፈራው ቦታ ኬጅ ውስጥ እንዲያልቅባት አልፈልግም። ግን መዳን የምትችል ከሆነችስ? ትናንት ማታ እንደወትሮዋ ደረቴ ላይ ወጥታ ጉርርር ስትል አደረች። እያመማት ያለ ድመት እንዲህ ይላል? እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ በምን ወሰናችሁ?


ባለ ሦስት ድመት፦

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። እናትሽን በዚህ ጉዳይ አትስሚያቸው፤ 14 ዓመት አብራሽ የኖረች ናት። ስለ ኩላሊት ብዙ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፦ ያማታል ብለሽ ፓራሲታሞል እንዳትሰጫት። አንድ ኪኒን ድመት ሊገድል ይችላል። አይቡፕሮፌንም እንደዚሁ፣ ኩላሊቷን ጭራሽ ይጨርሰዋል። ከሰው መድኃኒት ሳጥን ምንም አታንሺ።


የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦

ያላየኋትን ድመት ላክም አልችልም። ይህን ለሐኪምሽ የምትወስጂው ጥያቄ አድርገሽ አንብቢው።

«ደረጃ አራት» የሚለው አያስደንግጥሽ። አይሪስ በሚባለው የኩላሊት ሕመም አመዳደብ ክሪያቲኒን ከ5 ካለፈ ደረጃ አራት ነው፤ የመጨረሻው። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ደረጃው የሚሰጠው የድመቷ የሰውነት ፈሳሽ ተሟልቶ፣ ሁኔታዋ ረግቶ ሲለካ ነው። ሻሼ የተለካችው ስታስመልስ ሰንብታ ነው። ሰውነቷ ደርቋል። ድርቀት ደግሞ ብቻውን ክሪያቲኒንን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከ6.2 ውስጥ ስንቱ የቆየ ጉዳት፣ ስንቱ ድርቀት እንደሆነ ገና አልተለየም ማለት ነው።

በቆየው ድካም ላይ አዲስ ነገር ተደርቦም ሊሆን ይችላል። የኩላሊት ኢንፌክሽን አለ። ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ የተሰነቀረ ጠጠር አለ። እነዚህ በጊዜ ከተደረሰባቸው የተወሰነ አቅም ይመለሳል። የጠባሳው ግን አይመለስም፤ ያንን ማንም ቃል አይግባልሽ።

ስለዚህ ጠይቂ። ሽንቷ ተመርምሯል? ካልቸርስ (ሽንቷ ውስጥ ጀርም መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ) ተሠርቷል? ኩላሊቷ በአልትራሳውንድ ታይቷል? ፖታሲየሟስ? የደም ማነስ አላት? የደም ግፊቷን በተለይ አስለኪ። ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኩላሊታቸው የደከመ ድመቶች ግፊታቸው ከፍ ይላል፤ ሳይታወቅ ሲቆይ የዐይናቸው የውስጥ ሽፋን ይላቀቅና በአንድ ጀምበር ይታወራሉ። ከ160 በላይ ሆኖ ከቀጠለ መድኃኒት አለው፤ በብዛት የሚሰጠው አምሎዲፒን ነው።

የእኔ ድመት ብትሆን ቀነ ገደብ ያለው ሙከራ አደርግ ነበር። ሁለት ሦስት ቀን በደም ሥር ፈሳሽ፣ ከእሱ ጋር ማስመለስ የሚያቆም መድኃኒት፣ ከዚያ ደሟ እንደገና ይታያል። ቁጥሩ ከወረደና መብላት ከጀመረች ወራት ልታገኝ ትችላለች፤ አንዳንዶቹ ከዚያም በላይ ይቆያሉ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ወይም ከጨመረ ግን ሌላ ዙር አልጀምርም። ይህን ከመግባቷ በፊት ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሩበት። ከገባች በኋላ «አንድ ቀን ብቻ እንጨምር» ማለት ማቆሚያ የለውም፤ ከእኛ ከሐኪሞቹም ይመጣል።

ለፍርሃቷ ጋባፔንቲን የሚባል የሚያረጋጋ መድኃኒት ጠይቂ። ከቤት ከመውጣቷ በፊት የሚሰጥ ነው። የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ መጠኑ ለእሷ ይቀነሳል፤ በራስሽ አትጀምሪው። ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኚው፤ ለብሰሽ የዋልሽውን ልብስ ውስጥ አንጥፊላት።

ጉርርታዋን በተመለከተ፣ ድመት ሲመቻት እንዲያ ትላለች፤ ሲያማትም ትላለች። ስለዚህ እሱ ብቻውን አይነግርሽም። ፊቷን እዪ። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ዘወር ብለዋል? ዐይኖቿ ጠብበዋል? አፏና አፍንጫዋ ዙሪያ ተወጥሯል? ጢሟ ቀጥ ብሏል? ጭንቅላቷን ከትከሻዋ በታች ታወርዳለች? በ2019 በሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነው የድመት ሕመም መለኪያ እነዚህኑ አምስቱን ነው የሚያየው።

አንድ አስቸኳይ ነገር። ድመት ለተከታታይ ቀናት ካልበላች ጉበቷ በስብ ይሞላና ሌላ በሽታ ይሆንባታል። እስከ ነገ አስቢበት፤ ሳምንት ግን የለሽም።


የሻሼ እናት፦

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግፊቷ አልተለካም። ካልቸር የሚባል ነገርም አልተነሳም። ጠዋት በሩ ሲከፈት እዚያ ነኝ።

ፊቷን አሁን አየሁት። ዐይኗ ጠበብ ብሏል፤ ጆሮዋ ግን እንደ ድሮው ነው፣ በተለይ ባለቤቴ ሲያልፍ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተስፋ ሰጥታችሁኝ ይበልጥ ፈራሁ። ተሽሏት ብትወጣስ? ዕድሜ ልኳን መርፌ ሊሆን ነው። ጥፍሯን ለመቁረጥ እንኳ ሁለት ሰው ነው የምንይዛት። ከቆዳ ሥር ፈሳሽ ቤቱ የሰጠ ሰው አለ?


የሻለቃ ጌታ፦

አለ። የእኔው ወንድ ነበር፤ ስሙ ሻለቃ፣ ጠባዩም እንደ ስሙ። እሱ ከቻለው ሻሼም ትችለዋለች።

ከረጢቱን ከፍ አድርጌ በር ላይ እሰቅላለሁ። ትከሻና ትከሻው መካከል ያለውን ቆዳ ቆንጥጬ አነሳና መርፌውን ከሥሩ አስገባለሁ። የታዘዘለት 100 ሚሊ ሊትር ነበር። ያንቺን ሐኪምሽ በኪሎዋና በልቧ ሁኔታ ይወስነዋል። ፈሳሹ ሲገባ ትከሻዋ ላይ ጉብታ ይወጣል። ቀስ ብሎ ወደ ፊት እግሯ ሊወርድም ይችላል፤ አትደንግጪ፣ ሰውነቷ ይመጠዋል። ከረጢቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይተሽ አሙቂው። ቀዝቃዛ ሲሆን ነው የሚሸሹት። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን በፍጹም፤ አንዱ ጎን ፈልቶ ሌላው ይቀዘቅዛል። መርፌው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፣ የደነዘ መርፌ ያማል። ስትተኛ ትንፋሿን ቁጠሪ። በደቂቃ ከ30 ካለፈ ፈሳሹ በዝቶባት ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን አትስጪ፣ ደውዪ።

መጀመሪያ ሰሞን ሻለቃ ነከሰኝ። በኋላ ግን ከረጢቱን ሲያይ ራሱ ወንበሩ ላይ መውጣት ጀመረ። ለምን? ከመርፌው በኋላ የሚሰጠውን ያውቃላ!

የት ላይ እናቁም ለሚለው፣ አሊስ ቪላሎቦስ የሚባሉ የእንስሳት የካንሰር ሐኪም ያወጡት መለኪያ አለ። ሰባት ነገር ያያል፦ ሕመም፣ ረሃብ፣ የሰውነት ፈሳሽ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ ከመጥፎ ቀን ጥሩው መብዛቱ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፤ 10 ማለት በጣም ጥሩ ነው። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ መቀጠል ያስኬዳል ይላሉ።

እኔና ባለቤቴ ለየብቻችን ሞላነው። የእኔ 46 መጣ፣ የእሷ 31። ተጨቃጨቅን። ከዚያ አንድ በአንድ ስናነጻጽር ልዩነቱ የት እንደሆነ አየን። እኔ የማየው ማታ ነው፣ መድኃኒቱን ወስዶ በር ላይ ሲቀበለኝ። እሷ ቀኑን ሙሉ አልጋ ሥር ተደብቆ ሲውል ታየዋለች። ያኔ ነው የገባኝ። ስለዚህ ባለቤትሽም ይሙላ፣ ልጅሽም ይሙላ። ቤት የሚውለው ማን ነው? የእሱን ቁጥር አክብሩ።


ዝምተኛዋ፦

ሁላችሁም ስለ ማቆየት ነው ያወራችሁት። እኔ ስለ ሌላው ልበል።

ባለቤትሽ ጨካኝ አይደለም። የእኔ ድመት ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነበረባት፣ ኃይለኛው ዓይነት። ኬሞ አለ ተባልኩ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጣትና ያ ጊዜ ምን እንደሚመስል ጠየቅሁ። መልሱን ሰምቼ አልጀመርኩም። ዛሬም ብሆን አልጀምርም።

ስለ መርፌው ማንም አይነግርሽም፣ እኔ ልንገርሽ። መጀመሪያ ማደንዘዣ ይሰጣታል፣ ትተኛለች። ከዚያ ነው ሁለተኛው የሚሰጣት፤ ብዛት ያለው የማደንዘዣ መድኃኒት ነው፣ ልቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማል። ዐይኗ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ካረፈች በኋላ አንዴ ትንፋሽ ልትስብ ወይም ጡንቻዋ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ይህን ቀድመሽ ካላወቅሽ ነቅታለች ብለሽ ትጮኺያለሽ። ሐኪሙ ቤት መምጣት ይችል እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቂ፤ ክሊኒክ ለምትፈራ ድመት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለልጅሽ «አስተኟት» አትበሉት። ልጆች ከዚያ በኋላ መተኛት ይፈራሉ። ትሞታለች በሉት፣ ቃሉ ይከብዳል እንጂ ይገባዋል።

ገንዘቡንስ ለምን ማንም አላነሳውም? ከመግባቷ በፊት የሦስቱን ቀን ወጪ በጽሑፍ አስሰጪ። ጠዋት ላይ እየደወሉ «ይህም ያስፈልጋል» ሲሉሽ፣ እያለቀስሽ እሺ ማለትሽ አይቀርም።


የሻሼ እናት፦

እናንተ ባትኖሩ ምን እሆን ነበር።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ነገ ትገባለች። ሦስት ቀን፣ ከዚያ ደሟ ይታያል። ካልወረደ ቤት እናመጣታለን፣ ሐኪሙም ወደ ቤት ይመጣል፤ ደውዬ ጠይቄ እሺ ብሎኛል። ባለቤቴ «ሦስት ቀን ካልሽ ሦስት ቀን ነው» ብሎ አስምሎኛል። መለኪያውንም ሞላነው። የእኔ 34፣ የእሱ 29። ልጄ 60 ሰጣት፤ እሱን አልቆጠርነውም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ምግብ ይዤ ልሂድ? የኩላሊት ምግብ የሚባለውን ልግዛ ወይስ የለመደችውን?


የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦

የለመደችውን ያዥ። የኩላሊቱ ምግብ ፎስፈረሱ ዝቅተኛ ስለሆነ በኋላ በጣም ይጠቅማታል። ግን አሁን እያቅለሸለሻት ከቀመሰችው ከማቅለሽለሹ ጋር አያይዛ ልትጠላው ትችላለች። ሲሻላት በጥቂት በጥቂቱ ትቀላቅዪላታለሽ። በሲሪንጅ በግድ አፏ ውስጥ አትጨምሪ። ማስመለሱ ቆሞ አሁንም ካልበላች ሚርታዛፒን አለ፣ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ነው። ጆሮ ላይ የሚቀባም አለው፤ ኪኒን ከመዋጥ ይቀላታል። እሱም ካልሠራ በአንገት በኩል የሚገባ የመመገቢያ ቱቦ አለ፤ ያን ግን ደሟ ወርዶ ካየነው በኋላ ነው የምናነሳው።

ሦስተኛው ቀን ላይ ቁጥሩን ጻፊልን።