ዌስት ፖይንት የመግባት ዕድሉን መዝኑልኝ

የምልመላውን ሂደት በደንብ የምታውቁ እርዱኝ። ጥያቄው ዌስት ፖይንት (የአሜሪካ ምድር ጦር የመኮንኖች አካዳሚ) ስለሚያመለክት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በኤስኤቲ (የኮሌጅ መግቢያ ፈተና) 1340 አምጥቷል (ሒሳብ 720)፣ ካልኩለስና ፊዚክስ ወስዷል፣ የትግል ቡድን አምበል ነው። በዚህ በኩል ብዙ አልሰጋም።

ያስጨነቀኝ ሕክምናው ነው። በ14 ዓመቱ ለአስም ኢንሄለር ታዞለታል። ከ13ኛ ልደት በኋላ የተመዘገበ አስም ውድቅ ያደርጋል፤ ልዩ ፈቃዱን (ዌቨር) የሚሰጠው ደግሞ መርማሪው ዶድመርብ (የመከላከያ ሚኒስቴሩ የሕክምና ምርመራ ቦርድ) ሳይሆን አካዳሚው ራሱ ነው። መድኃኒቱን ካቆመ 2 ዓመት አልፎታል። የሳንባ ምርመራ ከአሁኑ በግሉ አሠርቶ ይያዝ ወይስ እስኪጠየቅ ይጠብቅ? ይደብቀው የሚል ምክር ግን አልፈልግም፤ ኋላ ቢደረስበት ሊያስባርረው ይችላል።

በአካል ብቃት ፈተናው አንድ ማይል በ6:30 ይሮጣል፣ ፑል አፕ ግን ከ5 አያልፍም። ውጤቱን አሁን ያስገባ ወይስ ሁለት ወር ተለማምዶ?

ለመግባት የሚያስፈልገውን የዕጩነት ጥቆማ ከሁለቱም ሴናተሮች፣ ከወረዳው የምክር ቤት አባልና ከምክትል ፕሬዚዳንቱ ጠይቋል። የምክር ቤት አባሉ ቢሮ ዋና ዕጩ አይሰይምም፤ ምርጫውን ለአካዳሚው ነጥብ ይተዋል። እንዲህ ባለ ዝርዝር ውስጥ ልዩ ፈቃዱ ያላለቀለት ተማሪ ምን ያህል ይጎዳል?