አስቸኳይ፦ የፊያት 124 ስፓይደር የቤንዚን ዘንግ ተሰበረ፣ ሰርጉ እሁድ ነው

የፍሩስታሌው፦
ሰላም ወገኖች። ጅማ ነኝ፣ መኪናዋም ፍሩስታሌ ሰፈር ቆማለች። የአጎቴ ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ናት። ዛሬ ጠዋት ቤንዚን ስሰጣት ፔዳሉ ዝም ብሎ ወለል ድረስ ሰመጠ፣ ሞተሩ ግን አይታዘዝም። ኮፈኑን ስከፍት ዘንጉ ተሰብሯል። ዕቃው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራም የለም አሉኝ። እሁድ የእህቴ ሰርግ ነው፣ ሙሽሮቹ የሚሄዱት በእሷ ነው። በምን ላሠራው? ቶሎ በሉልኝ።

ቶርኖ ቤት፦
የቱ ዘንግ? ከፔዳሉ የሚመጣው ነው ወይስ ሁለት ካርቡራቶር ካላት እነሱን የሚያገናኘው? ሐኪም ቤት ሄደህ "አካሌን አመመኝ" ብለህ ዝም ትላለህ?

የፍሩስታሌው፦
ይቅርታ፣ ተደናግጬ ነው። 1608 ሲሲ ናት፣ ካርቡራቶሯ ሁለት ዌበር 40 አይዲኤፍ። የተሰበረው ከፔዳሉ የሚመጣው ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ከነቤቷ የለችም፣ መንገድ ላይ ወድቃለች።

ጋሽ ሞላ፦
ልጄ፣ ይህቺ መኪና በፈረንጆቹ 1966 ጣሊያን፣ ቱሪን ላይ የታየች ናት። አካሏን የጣሊያኑ ንድፍ ቤት ፒኒንፋሪና ነደፈው፣ ባለሁለት ካምሻፍት ሞተሯን ኢንጂነሩ ላምፕሬዲ። እንዲህ ያለ ዕቃ በየመንደሩ በያጅ አይነካም። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር በሽቦ ማሰር ነው የምታውቁት። ኦሪጅናሉን ከጣሊያን አስመጣና ጠብቅ።

የአጂፑ ልጅ፦
ጋሼ፣ ሙሽራዋም ከዕቃው ጋር ትጠብቅ?

ባጃጅ 04፦
የባጃጅ ካቦ ግዛ፣ አለቀ።

ዲኤክስ ወዳጅ፦
እኔ የማይገባኝ፣ በዚህ ዘመን ሁለት ካርቡራቶር ለምን? ሁለቱንም አውጣና አንድ የቶዮታ ጫን። ቤንዚኑም ይቀንስልሃል።

የፍሩስታሌው፦
ወንድሜ የጠየቅኩት ስለ ዘንግ ነው። አጎቴ ይህን ቢያነብ ከሰርጉ ያስወጣኛል።

ቶርኖ ቤት፦
እሺ ስማ። ቀጥ ያለ 6 ሚሊ ለስላሳ ብረት ፈልግ፣ ፌሮ እንዳትወስድ። ኳሷን ከነቤቷ ከቪትዝ የኋላ በር ማንሻ ጫፍ ታገኛለህ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ጋ ሞልቷል። ኳሷን የምትይዘውን ትንሽ የሽቦ ቅንጥብ አትርሳ፣ ያለሷ ነገም ትወድቃለች።

የዘንጉን አንድ ጫፍ ቀኝ ጥርስ፣ ሌላውን ግራ ጥርስ አስወጣ። ያኔ ዘንጉን እዚያው ላይ ስታዞረው ይረዝማል ያጥራል። የግራ ጥርስ ማውጫ ጅማ ካጣህ ሁለቱም ቀኝ ይሁኑ፣ ለማስተካከል ግን በየጊዜው አንዱን ጫፍ መንቀል ነው። ሲያልቅ በዳዶ ቆልፈው።

ካርቡራቶሩ ላይ ያለውን ክንድ እንዳታስበይድ! ሙቀቱ የቢራቢሮዋን (ጉሮሮውን የምትከፍትና የምትዘጋዋን ክዳን) ዘንግ ያጣምመዋል፣ ከዚያ ወዲያ አትዘጋም።

ባጃጅ 04፦
ካቦ አልኩ እኮ።

ቶርኖ ቤት፦
ካቦ ሞኝነት አይደለም። ሞተሩ ማረፊያ ጎማው ላይ ሲወዛወዝ ዘንግ ይገፋል፣ ካቦ ግን ይታጠፋል። ግን የባጃጅ ካቦ ለእጅ የተሠራ ነው፣ በእግር ስትረግጠው ክሩ አንድ በአንድ ይበጠሳል። የምትገጥመውም ከሆነ ሽፋኑን በሁለቱም ጫፍ በደንብ እሰረው። በካቦም ሆነ በዘንግ፣ ከፔዳሉ ሥር ማቆሚያ ይኑር። ፔዳሉ ወለል ሲደርስ ቢራቢሮዋ ልክ ቀጥ ብላ መከፈት አለባት፣ ከዚያ በላይ ከተረገጠ ጉልበቱ ካርቡራቶሩ ላይ ያርፋል።

የአጂፑ ልጅ፦
አባ ጅፋር እንኳ የተጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። ለሰርጉ ፈረስ ተከራይ፣ ፈረስ ካርቡራቶር የለውም።

ሲስተር ካርቡራቶር፦
ሳቁን ተዉትና ሞላውን አስታውሱት። መመለሻ ሞላው ሁለት ይሁን። አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይዘጋዋል። ከጅሬን ቁልቁል ሲወርድ ቤንዚኑ ክፍት ሆኖ ቢቀርስ? እንዲያ ከሆነ ፍሪሲዮን ረግጠህ ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ መልሰው። እስከ መጨረሻ ካዞርከው መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

ሌላው፣ አይዲኤፍ አራቱም ጉሮሮ እኩል ነው የሚከፈተው። ክንዱን አሳጥረህ ካሠራህ ትንሽ ስትነካው ትዘላለች፣ ሙሽራዋ ከነቬሏ ወደኋላ ትሄዳለች። የድሮውን ርዝመት ለካና ያንኑ አሠራ።

የፍሩስታሌው፦
ቪትዟን አገኘሁ!! ዘንጉ ተሠራ፣ ሞላውም ሁለት ሆነ። ግን ስትነሳ ሚኒሞዋ (ፔዳል ሳይረገጥ ያለው የሞተሩ ዙር) አልወርድ አለች፣ በደቂቃ 2000 ዙር ላይ ትጮኻለች። ሰው ሁሉ ከበበኝ።

ሲስተር ካርቡራቶር፦
ዘንጉን ከካርቡራቶሩ ንቀልና አስነሳት። ከወረደች ዘንጉ ረዝሞ ይሆናል፣ ቢራቢሮዋን ይዞ ነው የሚያስጮኻት። ሳይነካት ልቅ እስኪል ድረስ አሳጥረው። ካልወረደች ደግሞ የሁለቱ ካርቡራቶር መገናኛ ሊሆን ይችላል፣ ያንንም ፍታው። ከዚያ ላስቲክ ቱቦ ጆሮህ ላይ አድርገህ የአራቱን ጉሮሮ ፉጨት አዳምጥ፣ እኩል መሆን አለበት። ማስተካከያ ብሎኑን ሩብ ሩብ ዙር ብቻ አዙር። አየኸው?

ባጃጅ 04፦
ካቦ ቢሆን ኖሮ።

የአጂፑ ልጅ፦
የፍሩስታሌው፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው። በምን ሄዱ?